ሳይታረድ የሚበላ ሥጋ

ጾም በገባ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮት ይገባል። የምግብ ቤቱ በር ላይ «የጾም ምግብ አለ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ ውስጥ ከሽሮው፣ ከምስሩና ከበያይነቱ ቀጥሎ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለትና ዓሣ ለብለብ ተደርድረዋል። አንዱ ሳያመነታ ያዛል። አጠገቡ የተቀመጠው «ኧረ ያስገድፋል!» ይለዋል። ሦስተኛው ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ፊት የተጠበሰ ዓሣ መብላቱን ጠቅሶ ይሟገታል፤ አራተኛው ፍትሐ ነገሥትን ይጠራል። ማንም ማንንም ሳያሳምን ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮውና በጉ ስለሚመጡ ዓሣውም ክርክሩም እስከሚቀጥለው ጾም ይረሳሉ።

«ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም?» ለነፍስ አባት የሚቀርብ ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ ስለ ዓሣ ሌላ ጥያቄ የሌለን መሆኑ ነው። የጾሙን ጥያቄ በፈለግነው መንገድ ከመለስን በኋላ ሕሊናችን ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ዓሣው ከየትኛው ሐይቅ መጣ? በየትኛው ወር ተያዘ? በምን ዓይነት መረብ? እንዴትስ ሞተ? እነዚህን የሚጠይቅ ተመጋቢ ማግኘት ይከብዳል። ዓሣ መብላት በራሱ ነውር ነው ብዬ አላምንም። ነውሩ ዓሣን እንደ ነፍስም እንደ ሀብትም ሳንቆጥር መብላታችን ነው። እንዲያ ስናስበው የሚያሳፍረን ሰሃን በሁዳዴ ከሚበላው ዓሣ ሁሉ ይልቅ በክረምት፣ በተለይም በነሐሴ፣ ከጣና ገባር ወንዞች አፍ ተጠርጎ የሚመጣው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ደም የለውም የተባለው

በአገራችን ሥጋ ቀላል ነገር አይደለም። ማን አረደው፣ በማን ስም ተባረከ፣ በየትኛው ቢላዋ ተቆረጠ የሚለው ሳይጣራ ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ፣ ሙስሊሙም ከክርስቲያኑ ማዕድ ሥጋ አያነሣም። ለአንዲት ዶሮ እንኳ ቢላዋው ይሳላል፣ ስም ይጠራል፣ ደሟ ይፈስሳል፣ ብልቷም በቁጥር ይወጣል። ይህ ሁሉ ወግ ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ሌላ አንድ ሥራ ይሠራል፦ አንድ ሕይወት እንደጠፋ ለሚበላው ሰው ይነግረዋል። በግ ሲታረድ ያየ ልጅ ሥጋ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋውም። ዓሣ ግን ከዚህ ወግ ሁሉ ነጻ ወጥቷል። በእስልምና የውኃ አደን መታረድ ሳያስፈልገው የተፈቀደ ነው፤ በክርስቲያኑም ዘንድ «በስመ አብ» ብሎ ዓሣ የሚያርድ የለም። በጎ ጎኑ ቀላል አይደለም፤ የሁለት ሃይማኖት ጎረቤቶች ሳይሳቀቁ አብረው ከሚበሉት ጥቂት የእንስሳ ምግቦች አንዱ ዓሣ ሆኗል። ጉዳቱ ደግሞ የዓሣ ሞት እንደ ሞት አለመቆጠሩ ነው። ያልታረደ ነገር የተገደለ አይመስለንም።

ከዚህ የተነሣ ነው «ዓሣ ደም የለውም» የሚለው አባባል ያለ ተቃውሞ የሚኖረው። አባባሉ ምን ያህል ውሸት እንደሆነ ግን ገበያ የወጣች የቤት እመቤት ሁሉ ታውቃለች። ዓሣው ትኩስ መሆኑን የምታየው የሚተነፍስበትን ስንጥብ በጣቷ ገልጣ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ትገዛለች፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ወደሚቀጥለው ሻጭ ትሄዳለች። ያ ቅላት የሚመጣው ከደም እንጂ ከሌላ አይደለም። እዚያው ገበያ ደሙን ፈልጋ የገዛችውን እቤት ስትደርስ ደም የለውም ብላ ትሠራዋለች። ማንም ሊያታልል ፈልጎ ያደረገው አይደለም፤ ዓሣን በሥጋና በጎመን መካከል በማይታወቅ ስፍራ ማስቀመጥ ለሁላችንም ስለተመቸን ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ክርክር በተመለከተ ብዙ አልቆይም። ዓሣ የጾም ምግብ እንዳልሆነ የሚያስተምሩት አባቶች ይበዛሉ፤ ተቃራኒውን የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ወገን ያንኑ ፍትሐ ነገሥት ይጠቅሳል። እኅት የሆነችው የግብጽ ቤተ ክርስቲያን በጾመ ነቢያትና በጾመ ሐዋርያት ዓሣ ትፈቅዳለች፣ በዐቢይ ጾም ግን ትከለክላለች። ከእኛም መካከል የኦሪትን ሕግ አክብሮ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ የሚበላ፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ በፍስክም የማይነካ አለ። ሁሉም ስለ በላተኛው ንጽሕና የሚናገሩ ሥርዓቶች ናቸው፤ ክብራቸውም እዚያ ነው። ዓሣው ላይ ስለሚደርሰውና ሐይቁ ላይ ስለሚቀረው ነገር እንዲናገሩ ካስገደድናቸው ግን ያልተሰጣቸውን ሥራ መስጠት ይሆናል። እኛ ደግሞ ያን ሥራ ለሌላ ለማንም አልሰጠነውም።

ፍልሰታ ሲገባ ወንዝ አፍ ላይ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ቢሆንም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ከታች ያለው 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ አስቀርቷቸዋል። በዚህ ተነጥሎ በኖረ ውኃ ውስጥ በዓለም ላይ ብርቅ የሆነ ነገር ተፈጥሯል። የአካባቢው ሰው በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የሚለው፣ ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን፣ ሌላ የትም የማይገኙ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። አንዱ ትንንሽ ዓሦችን እያሳደደ ይበላል፣ ሌላው ከጭቃ ይለቅማል፣ ሌላው ዕፅዋት ይቀጥፋል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ ወገን ነበር፤ ከሰው እጅ የተነሣ ጠፍቷል። በዚህ ዓይነት ሐይቅ ውስጥ አብረው ከበቀሉ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች ተርፈው የቀሩት የጣናዎቹ ናቸው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጣናነት የተመዘገበው እንዲህ ያለውን ሀብት ይዞ ነው።

እነዚህ ዓሦች አንድ ድክመት አላቸው፤ ቢያንስ 7ቱ ዝርያዎች የሚራቡት በወንዝ ውስጥ ነው። ክረምት ሲጠነክርና ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ሲሞሉ ከሐይቁ ወጥተው በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ውኃው በሚጠራበትና ጠጠር በሚበዛበት ገባር ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጉዟቸው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን ዋናው ወቅቱ ነሐሴና መስከረም ነው። ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የነበረው ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ይገኛል፤ ሴቷ ሆዷ በእንቁላል ተወጥሯል። መረብ ለሚዘረጋ ሰው ከዚህ የቀለለ ጊዜ የለም። ለዓሣው ደግሞ ከዚህ የከፋ የለም፤ የሚያዘው ገና ዘሩን ሳይተካ ነውና።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት። ነሐሴ 1 ገብቶ በ16 የሚፈታው ጾመ ፍልሰታ ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት፣ ሕዝቡ ከሁሉ አስበልጦ የሚወድደው ጾም ነው። ዓሣ አያስገድፍም የሚለው ወገን ዓሣ የሚፈልግበት ወቅትም ነው። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ነጭ ዓሣን መተው በሚገባን ሳምንታት ውስጥ «የጾም» የሚል ስም ሰጥተን እንፈልገዋለን ማለት ነው። የጾም ሕግ የሚመለከተው የበላተኛውን ሆድ ነው፤ ጉማራ አፍ ላይ ስለሚሆነው የሚጠይቅ የለም። የክርክራችን ጉድለት ከዚህ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ አላውቅም።

የጣና ዓሣ ማስገር ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለብዙ ዘመን ከደንገል በተሠራ ታንኳ፣ በዳርቻው አካባቢ፣ በአመዛኙ ቀረሶ በተባለው ዓሣ ላይ ያተኮረ ሥራ ነበር። በዚህ የኖሩት ወይጦ የተባሉት የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የኔዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተባብረው የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ አስገቡ። ዓላማው መልካም ነበር፦ ድሃው እንዲሠራ፣ ከተማው ዓሣ እንዲያገኝ። ነገር ግን የሞተር ጀልባ ታንኳ ከማይደርስበት ይደርሳል፤ ከሚደርስባቸውም ቦታዎች አንዱ የወንዞቹ አፍ ሆነ። ሐይቁን ለዓመታት ያጠኑ የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት ብቻ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች ክብደት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አረጋገጡ። የትንንሾቹ ቁጥር ማሽቆልቆል ከዚያም የባሰ ነበር፤ ወላጁ ወንዝ አፍ ላይ ከተያዘ ልጅ ከየት ይመጣል?

በገባር ወንዞቹ ደግሞ ከመረብ የባሰ አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይበተናል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ ዓሣው በስንጥቡ የሚያገኘውን አየር ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል፤ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፣ ሰውም ይለቅመዋል። መርዙ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም፤ ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። በመርዝ ማስገር የተከለከለ ነው። አገሪቱም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አላት። ሕጉ ካለ ምን ጎደለ ቢሉ መልሱ አጭር ነው፦ ጠያቂ ገዢ። ወንዙ ዳር ጠባቂ የለም፤ ምግብ ቤት ውስጥ ግን በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሊጠይቅ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ ሁሉም ዓሣ አንድ አለመሆኑን መናገር ያስፈልጋል። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ብዙ ዓመት የሚኖር፣ ለመውለድም የሚዘገይ ነው። አንዳንዱ ቆሮሶ የሚለው ቀረሶ ቶሎ ያድጋል፣ በሐይቁ ውስጥ ይራባል፣ በኩሬም ይረባል። እርሱም ቢሆን ጥንቃቄ የሚሻበት ጊዜ አለው። ሴቷ ቀረሶ የተዳቀለውን እንቁላል በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ አፏን ለምግብ አትከፍትም፤ ትጾማለች ማለት ይቻላል። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ በመረብ ከተያዘች ያዘለችውን ሁሉ ትተፋለች። ስለዚህ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ በጠባብ ቀዳዳ ናይሎን መረብ የተጠረገ ቀረሶም ንጹሕ ሰሃን አይደለም። ልዩነቱ ቀረሶ ጊዜና ቦታ ከተሰጠው ቶሎ የሚያገግም መሆኑ ነው፤ የጣና ነጭ ዓሣ ግን ከጠፋ ከሌላ ቦታ አይመጣም።

ያመዋልን?

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዝርያ ነው። ስለ አንዱ ዓሣስ? ብዙ ሰው ዓሣ ሕመም አይሰማውም ብሎ ያምናል፤ ስለማይጮህ ይመስለኛል። በግ ባአ ይላል፣ ዶሮ ትንጫጫለች፣ ዓሣ አፉን ከፍቶ ይዘጋል እንጂ ድምፅ አያሰማንም። እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ ተመራማሪዋ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ትራውት በተባለው ዓሣ ከንፈር ላይ ጉዳት የሚያስተውሉ ነርቮች መኖራቸውን አሳዩ። ከንፈራቸው በአሲድ የተወጋ ዓሦች ምግብ ተዉ፣ ሰውነታቸውን አወዛወዙ፣ ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር አሹ፤ ሞርፊን ሲሰጣቸው ይህ ጠባይ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶችም በብዛት ወደዚያው ያመለክታሉ።

የተቃዋሚው ወገንም ተራ ተከራካሪ አይደለም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሳይንቲስት ብራያን ኪ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ላይ ሕመም የሚፈጠረው በአንጎል ውጫዊ ቅርፊት መሆኑን፣ ዓሣ ደግሞ ያ ክፍል እንደሌለው ጠቅሶ፣ የምናየው መንፈራገጥ ስሜት ሳይሆን ሰውነት በራሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ የሚናቅ ባይሆንም ድካም አለው። ወፍም እንደ ሰው ያለ የአንጎል ቅርፊት የላትም፤ ዶሮ ግን አያማትም የሚል አርሶ አደር አላየሁም። ተፈጥሮ አንድን ሥራ በተለያየ ብልት ልታሠራ ትችላለች። የመጨረሻው ቃል አልተነገረም ብንል እንኳ፣ በጥርጣሬ ጊዜ ምን ማድረግ ይገባል የሚለው የሳይንስ ሳይሆን የሕሊና ጥያቄ ነው። ጥንቃቄው ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል ቢሆን ማመንታት ይገባ ነበር። ነገር ግን የሚያስከፍለው ምንድን ነው?

ሐይቅ ዳር ያለ ገበያ የሄደ ሰው አምባዛ በጆንያ ላይ ተጋድሞ አይቷል። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት ብልት ስላለው ከውኃ ወጥቶ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ጠዋት የተያዘው እኩለ ቀን ላይ ጢሙን ያንቀሳቅሳል፤ ገዢ ሲያነሣው ይገለበጣል፤ «ትኩስ ነው፣ ገና አልሞተም!» ተብሎ ይሸጣል፤ አንዳንዴም በሕይወት እያለ ሆዱ ይቀደዳል። ሌላውም ዓሣ ማታ በተዘረጋ መረብ ተሰንጎ ሲታገል አድሮ፣ ጠዋት ጀልባ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። በግን እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከሰፈር ይባረር ነበር። መፍትሔው ደግሞ አንድ ጠንካራ ዱላ ነው፤ ዓሣው እንደወጣ ራሱን በአንድ ምት መትቶ ማደንዘዝ፣ ከዚያም ስንጥቡን ቆርጦ ማድማት። ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። ሥጋውም ይጠራል፤ ጃፓናውያን ዓሣ ነጋዴዎች ተመሳሳይ ዘዴ ለዘመናት የተጠቀሙት ለጥራቱ ብለው ነው። ሕመም አለው ብለን ብንሳሳት የምናጣው ነገር የለም፤ የለውም ብለን ብንሳሳት ግን ያደረግነው ጭካኔ ነው። በዚህ ሚዛን ላይ ለማመንታት ቦታ አይታየኝም።

«ታዲያ አስጋሪው ምን ይብላ?»

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሡት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጫሞ ዳር መሬት የሌለው ወጣት ያለው ሀብት መረብ ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ አታስግር ሲባል ልጆቹ ነሐሴ ላይ አይራቡም ማለት አይደለም። ከተማ ተቀምጦ ሆዱ ሞልቶ «ይቁም» ማለት ቀላል ነው። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ክርክሩ የተከፈተ ጥያቄ እንጂ የተዘጋ አይደለም። ነጭ ዓሣ ሲያልቅ የመጀመሪያው ረኃብተኛ ያው አስጋሪ ነው፤ የሞተር ጀልባ ያለው ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል፣ ታንኳ ቀዛፊው ግን መሄጃ የለውም። ደግሞም ዛሬ የሚከስረው ሕግ አክባሪው ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ ዘርግቶ፣ በመራቢያ ወቅት ከወንዝ አፍ ርቆ ያሰገረ ሰው ጥቂት ያወጣል፤ ወንዙን የዘጋው ብዙ ያወጣል፤ ተረካቢው ለሁለቱም በኪሎ አንድ ዋጋ ይከፍላል። ይህን የፈጠረው የአስጋሪው ክፋት ሳይሆን የእኛ አለመጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እኛ ምን በላን?» የሚል ነው። የዓለም ሕዝብ በአማካይ በዓመት 20 ኪሎ ገደማ የውኃ ምግብ ይበላል፤ የእኛ ድርሻ ከዚያ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ከዓለም የባሕር ዓሣ ክምችት ከሲሶው በላይ ከልክ በላይ እየተሰገረ ያለው በሌሎች መርከብ ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ አማካይ ቁጥር ሐይቅ ውስጥ አይዋኝም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ጥቂት ቢበላም ያን ጥቂት የሚያወጣው ከጥቂት ሐይቆች፣ ከጥቂት ዝርያዎች፣ አንዳንዴም ከጥቂት ሳምንታት ከሆነ፣ ያ ጥቂት ለአንድ ዝርያ መጥፊያው ሊሆን ይችላል። ከጣና ወጥቶ የሚደርቀው ዓሣ ወደ ሱዳንም እንደሚሻገር ስናስብ በእኛ ሰሃን ብቻ የሚለካ ነገር አለመሆኑም ይታያል።

ሦስተኛው «ጥፋተኛው ሌላ ነው» ይላል። እምቦጭ የተባለው አረም ዳርቻውን ሸፍኗል፣ ረግረጉ ታርሷል፣ ከወንዞቹ አሸዋ ይወጣል፣ እንደ ቆጋ ያለው የመስኖ ግድብ ዓሣው የሚወጣበትን መንገድ ዘግቷል። ይህም እውነት ነው፤ መንግሥትም ሊጠየቅበት ይገባል። ግን የሌላው ጥፋት የራሳችንን አይሰርዝም፤ መንገዱ የጠበበው ዓሣ ይበልጥ እንዲያዝ ፈቃድ አይሰጥም። እንዲያውም ግድብ ለማንሣት ዓመታትና ቢሊዮኖች ሲያስፈልጉ፣ በነሐሴ አንድ ሰሃን ለመተው የሚያስፈልገው ሽሮ ማዘዝ ነው።

ከተቃራኒው ጫፍ የሚመጣው አራተኛው ተቃውሞ እኔንም ያስቸግረኛል። የእንስሳት ተቆርቋሪዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ፈላስፋው ፒተር ሲንገር ባሰፋው መንገድ፣ ሕመም የሚሰማው ፍጡር ሳያስፈልግ ለምን ይገደላል ይላሉ። ሌላው ሕዝብ «ያለ ሥጋ አንኖርም» ብሎ ሊመልስ ይችል ይሆናል። እኛ ግን አንችልም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚኖር፣ በሽሮ፣ በምስር፣ በተልባና በሱፍ የተሟላ ማዕድ የሚያውቅ ሕዝብ ግድ ሆኖብኝ ነው ቢል አያምርበትም። ስለዚህ ለአዲስ አበባው ተመጋቢ ዓሣ ፍላጎት እንጂ ግዴታ አለመሆኑን ማመን አለብን። ይህ ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ሐይቅ ዳር ላለች፣ ወተትም እንቁላልም በቤቷ ለሌለ ሕፃን፣ አባቷ ያመጣው ቀረሶ ከምታገኛቸው ጥቂት ገንቢ ምግቦች አንዱ ነው። ሁሉን በአንድ ሕግ የሚከለክል ሥነ ምግባር የሚጀምረው ከድሃዋ ሰሃን ስለሆነ አልቀበለውም። ከዚህ የምወስደው ግን አንድ ነገር አለ፦ ፍላጎት ያለ ግዴታ ሲሆን የመጠየቅ ኃላፊነቱ ይከብዳል። መተው የሚችል ሰው ነው መጠየቅ ያለበት።

ታዲያ ይበላ?

ይበላ፤ እየተጠየቀ ይበላ። ሥጋ ቤት ስንገባ ሥጋው ተንጠልጥሎ እያየነው ብልቱን መርጠን ነው የምንቆርጠው፤ ዓሣ ቤት ግን «ዓሣ» ብቻ እንላለን። ፊሌቶ ከሆነና በዱቄት ተነክሮ ከተጠበሰ በኋላ ቀረሶው ከነጭ ዓሣው፣ የጣናው ከጫሞው አይለይም፤ ጥፋቱ የሚደበቀውም እዚያ ነው። ስለዚህ ምግብ ቤቶች የዓሣውን ዓይነትና የመጣበትን ሐይቅ በምግብ ዝርዝራቸው ላይ እንዲጽፉ መጠየቅ ከባድ ነገር አይደለም። ደንበኛ ከጠየቀ አስተናጋጁ ወጥ ቤቱን ይጠይቃል፣ ወጥ ቤቱ ተረካቢውን፣ ተረካቢውም አስጋሪውን። ያን ጊዜ በሰፊ መረብ ያሰገረውና ዓሣውን ወዲያው የገደለው ሰው ለሥራው የተሻለ ዋጋ የሚጠይቅበት ምክንያት ያገኛል። በመራቢያ ወራት የተዘጋ ወቅት ሲታወጅ ደግሞ ለአስጋሪዎቹ ማኅበራት የሚደጎም ሥራ አብሮ መታሰብ አለበት፤ ወንዝ መጠበቅና እምቦጭ መንቀል እዚያው ደጃፋቸው ላይ ያለ ሥራ ነው። ወጪው ለሕዝብ ከባድ አይሆንም፤ የጠፋ ዝርያ ግን በየትኛውም በጀት አይመለስም።

ጾመኛው ደግሞ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው። መተው የለመደ ሰው ነው፤ «ዛሬ አይቻልም» ማለት ለእርሱ ባዕድ አይደለም። ዓሣ ያስገድፋል የሚለው ወገን ቀድሞም አይበላውም። አያስገድፍም የሚለው ወገን ደግሞ ፈቃዱን በሌሎቹ ጾሞች ሊጠቀምበት ይችላል። ዐቢይ ጾም የሚውለው በበጋ፣ ነጭ ዓሣ ከመራቢያ ወቅቱ በራቀበት ጊዜ ነው፤ ጾመ ነቢያትም እንዲሁ። በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ግን የጣና ነጭ ዓሣ ከማንኛውም ማዕድ ሊነሣ ይገባል፤ ከጾመኛውም፣ ጾም ከማያውቀውም፣ ከክርስቲያኑም፣ ከሙስሊሙም። በፍልሰታ ምግብ ቤት ገብቶ ዓሣ ማዘዝ የፈለገ ሰው ምን ዓሣ እንደሆነና ከየት እንደመጣ ይጠይቅ፤ አስተናጋጁ መመለስ ካልቻለ ሽሮ ይዘዝ።